መታወቂያ የተነፈጋቸው

በወሎ፣ ወግዲም ይሁን መካነ ሰላም፣ ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። ይህ መቻቻል ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ አዘዙ። የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ከሌላው ገሚሱ ሸፈተ፣ ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱም እምነቱን በልቡ ይዞ አደረ። ይህን ከአያቶቹ የሰማ ሰው በእምነታቸው የተሳደዱትን የባሃኢዎችን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

የባሃኢ ሃይማኖት የተወለደው ኢራን ውስጥ ነው። ባብ የተባለው መምህር በ1844 እ.ኤ.አ. ተነሣ፤ በ1850 ታብሪዝ ላይ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። ከእርሱ በኋላ የሃይማኖቱ መሥራች ባሃኡላህ ከአገር አገር ሲጋዝ ኖሮ በ1892 አካ ከተማ አጠገብ አረፈ። አምላክ አንድ ነው፣ ነቢያትን ሁሉ የላከው እርሱ ነው፣ የሰው ልጅም አንድ ቤተሰብ ነው ብሎ አስተማረ። ባሃኢዎች ቄስም ሼህም የላቸውም፤ የሚመራቸው በየዓመቱ የሚመርጡት ዘጠኝ አባላት ያሉት መንፈሳዊ ጉባኤ ነው። ዓመታቸው እያንዳንዳቸው 19 ቀን ያላቸው 19 ወራት አሉት፤ እንደኛ ጳጉሜን ያሉ ትርፍ ቀኖችም አሏቸው።

እምነቱን ወደ አገራችን ያመጣው ግብፃዊው ሳብሪ ኤልያስ ነው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተቋቋመ። በራሱ አገር በግብፅ ግን በ1960 የፕሬዚዳንት ናስር አዋጅ የባሃኢ ተቋማትን በሙሉ ዘጋ። ከዚያ የባሰው በወረቀት የመጣው ነው። መታወቂያ በኮምፒውተር መሠራት ሲጀምር የሃይማኖቱ ቦታ እስላም፣ ክርስቲያን ወይም አይሁድ ከማለት በቀር ሌላ አልቀበልም አለ። ባሃኢው ወይ ሃይማኖቱን መዋሸት ወይ ያለ መታወቂያ መቅረት ነበረበት። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ባንክ የለም፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብም አበሳ ነው። ሰይፍ ሳይመዘዝ ሰውን ከአገሩ መዝገብ መፋቅ ይህ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት በሃይማኖቱ ቦታ ሰረዝ ብቻ እንዲሰመር ፈቀደ።

ኢራን ውስጥ ግን ሰይፉም አልቀረም። ከ1979ኙ አብዮት ወዲህ ከ200 በላይ ባሃኢዎች ተገድለዋል። በሰኔ 1983 እ.ኤ.አ. ሺራዝ ውስጥ አሥር ሴቶች ተሰቀሉ፤ ሞና ማህሙድነጃድ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከክሶቿ አንዱ ሕፃናትን ማስተማር ነው። ዩኒቨርሲቲ ለተከለከሉት ወጣቶች ደግሞ ባሃኢዎቹ ከ1987 ጀምሮ በየመኖሪያ ቤቱ የሚሰጥ የራሳቸውን ከፍተኛ ትምህርት አቋቋሙ። መምህራኑ ቢታሰሩም ትምህርቱ አልቆመም።