ከሄንሪ በፊት የነበሩ ጎል አግቢዎች

አንባቢ ሆይ! በቆቦ ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ «እኔ ሄንሪ ነኝ» ቢልህ አትደነቅ። ቲዬሪ ሄንሪ ለእንግሊዙ አርሴናል 228 ጎል አግብቷልና ዝናው እስከ ራያ ቆላ ቢዘልቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን ስለ መንግሥቱ ወርቁስ ብለህ ጠይቀው!

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ የቀደሙትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን አዲስ አበባ ላይ ገጠመች። በዳዊ የተባለው ግብፃዊ ሁለት ጊዜ አገባ። አንዱን ግርማ ተክሌ መለሰ፤ ሁለተኛውን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጎል ይኸው ነው፤ ያለ እርሱ ተጨማሪ ሰዓት ከየት ይመጣ ነበር? በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። መንግሥቱ በቱኒዚያም ላይ ሁለት አግብቶ ስለነበር በሦስት ጎል ከበዳዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ አግቢ ሆነ።

በኋላም ብሔራዊውን ቡድን አሠልጥኖ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ። አስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ግን በደርግ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ኑሮው በዚያው ነበር።