እሳትና ደን፤ ከጉለሌ ዳገት እስከ ስሜን ተራራ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፣ እንጦጦ ወደ ጉለሌ በሚያዘነብልበት ዳገት ላይ 705 ሄክታር መሬት ይዞ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስምምነት የተመሠረተው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ የአገር በቀል ዕፅዋትን ዘር ለትውልድ ለማቆየት የታሰበ ነው፤ ይሁን እንጂ የቆመበት ምድር ከብዙ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ፣ በየበጋው የሚነሣው የደን ቃጠሎ ጥያቄ እርሱንም ይመለከተዋል።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ገብቶ፣ በማገዶ እጦት ለተጨነቀችው አዲስ ከተማ መድኅን እንደ ሆነላት አይካድም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት የሞላበት፣ ልጡም እየተላጠ ከግንዱ ሥር የሚከመር በመሆኑ፣ እሳት በነካው ጊዜ ነበልባሉን በፍጥነት ያዛምታል። እርሱ ተቃጥሎም ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ፣ ጽድ ግን አንድ ጊዜ ከነደደ ከዘር በቀር ትንሣኤ የለውም፤ ስለዚህ ባሕር ዛፉ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ በሚተካበት በዚህ ዘመን፣ ብርቱ ጥበቃ የሚያሻው ለጋው ችግኝ ነው።

የእሳቱ መነሻ በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ ማር ቆራጩ ንብ ለማባረር የለኮሰው ጭስ፣ ከሰል አክሳዩ ያላዳፈነው ፍም፣ እረኛው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ያቃጠለው የአስታ ቁጥቋጦ፣ ገበሬው ማሳውን ለማስፋት የለቀቀው እሳት፣ ከድርቅና ከነፋስ ጋር በተገናኘ ጊዜ ከማንም አቅም በላይ ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር በላይ ያዳረሰው፣ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ቢረባረቡም የውጭ አገር ባለሙያዎች እስኪጠሩ ያደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውም እሳት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ ሕዝቡን አስጨንቋል።

ከዚህ የምንማረው፣ እርዳታ ከሩቅ እስኪደርስ ደኑን የሚያድነው በጫፉ የሚኖረው ሰው መሆኑን ነው። በእንጦጦና በጉለሌ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች፣ ለዕለት እንጀራቸው ሲደክሙ፣ ለእሳት መቀጣጠያ የሚሆነውን ደረቅ ቅጠል ያነሣሉ፤ ያለ ልክ ሲጠረግ አፈሩ ይራቆታል፣ ፈጽሞ ሲከለከል ደግሞ ክምሩ ይበዛል፤ ስለዚህ በሥርዓት እንዲለቅሙ መፍቀድና በችግኝ ጣቢያ፣ በጥበቃና በእሳት መከላከያ መስመር ጠረጋ በደመወዝ ማሠራት ለደኑም ለእነርሱም ይበጃል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ዕውቅና መስጠቱም ለዚህ በር ከፍቷል።

ቃጠሎ በደረሰበት አገር ደግሞ፣ ግጦሹና ቀፎው የነደደበት ቤተ ሰብ፣ የተቃጠለው መሬት እስኪያገግም ከብቱን እንዲያርቅ ሲጠየቅ፣ መኖና ቀለብ አስቀድሞ ሊቀርብለት ይገባል፤ የተራበን ሰው ስለ ዛፍ መምከር ፍሬ የለውምና። እንግዲህ መንግሥትም፣ የከተማው ነዋሪም፣ የደን መከላከያ በጀት ሲመድብና ችግኝ ሲተክል፣ በጋው ሳይገባ የደን ዳር ነዋሪውን እንጀራ አብሮ ያስብ።