ሩት ነጋ፤ ስም ከሌላት ሐኪም እስከ ሐምሌት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአሶሳ ከተማሪዎችና አዲስ ሥራ ከያዙ ወጣት ሹማምንት ጋር ስንጫወት ደጋግመን የሰማነው አንድ ሮሮ አለ፤ ይኸውም «ከዚህ ሆነን የምንሠራውን ማን ያይልናል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን እንደሆነ በማለት ዛሬ የአንዲት ተዋናይት የሥራ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሩት ነጋ የተወለደችው በአዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ የአየርላንድ ተወላጅ ነርስ ነበሩ። በአራት ዓመቷ አገሯን ለቃ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ በሊምሪክም አደገች። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በመኪና አደጋ ሞቱ። ካደገች በኋላ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የቴአትር ጥበብ ተማረች።

ትምህርቷን ጨርሳ ወዲያው የዝና ወንበር ላይ የተቀመጠች አይምሰለን። በ2005 «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» በተባለው የኒል ጆርዳን ፊልም የታየችው የዋናው ባለታሪክ ጓደኛ ሆና ነው። ከዚያም በእንግሊዝና በአየርላንድ ቴሌቪዥን ልዩ ልዩ ድርሻ እየያዘች ሠራች። በ2010 ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ሐምሌት»፣ ኦፌልያን ሆና ተጫወተች። በ2011 ዓ.ም. ቢቢሲ ባቀረበው ፊልም የዌልስ ተወላጅ የሆነችውን ዘፋኝ ሸርሊ ባሲን ሆና በመጫወቷ በአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመች።

ከዚህ ሽልማት በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። በ2013 በወጣው «ወርልድ ዎር ዚ» በተባለው ታላቅ ፊልም የደረሳት ድርሻ ስም እንኳ አልነበረውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም መሆን ብቻ ነበር። ሩት ግን አልናቀችውም።

በ2016 «ላቪንግ» የተባለው ፊልም ወጣ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1958 ነጩ ሪቻርድ ላቪንግና ጥቁሯ ሚልድረድ ተጋቡ፤ የቨርጂንያ ሕግ ይህን ይከለክል ስለ ነበር ሌሊት ከመኝታቸው ተይዘው ታሰሩ፤ ከክፍለ ሀገሩም እንዲወጡ ተደረገ። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የመሰለውን ሕግ ሁሉ ሻረው። ሚልድረድን የሆነችው ሩት ናት። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ በዓይኗና በዝምታዋ ብቻ የአንዲትን ትሑት ሴት ጽናት አሳየች፤ ስለዚህም በ2017 ለኦስካር ሽልማት በዋና ተዋናይትነት ታጨች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ መድረክ መመለስን አልተወችም። በ2018 በደብሊን ጌት ቴአትር ራሱን ሐምሌትን ሆና ቆመች። ከኦፌልያ እስከ ሐምሌት ስምንት ዓመት ፈጀባት ማለት ነው። በ2022ም በኒውዮርክ ብሮድዌይ ሌዲ ማክቤትን ሆና ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ጠረጴዛ የደረሳችሁ ወጣቶች ሆይ፣ አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እንዲሁ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ አይደለም። ስም የሌላትን ሐኪም በሙሉ ልብ የሠራች ሴት፣ ንጉሣዊው ልዑል የመሆን ተራ ሲደርሳት ተዘጋጅታ ተገኘች። የአሶሳም ባለጉዳይ የሚጠይቀው ከፊቱ የተቀመጠው ሹም ሥራውን ማወቁን ነው እንጂ የወንበሩን ትልቅነት አይደለም።