የተዘጋን የኮምፒዩተር ፎልደር መልሶ ስለ መክፈት

በአዲስ አበባ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ አንድ ንግድ ቤት የገዛ ወረቀቱን በራሱ ላይ ቆልፎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨነቅ ሰንብቷል። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል፤ ትራንዚተሩም ዲክላራሲዮኑን ለመሙላት ኢንቮይሱንና የማሸጊያውን ዝርዝር ዛሬውኑ ላኩልኝ እያለ በየሰዓቱ ይደውላል። ወረቀቶቹ ግን ከስምንት ዓመት የደንበኞች ሒሳብ ጋራ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ፎልደር ተከተው ነበርና፣ ያን ፎልደር ማንም ሊከፍተው አልቻለም። እንዲህ ያለው ነገር በማንኛውም ነጋዴ ቤት ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተዘጋና እንዴት እንደ ተከፈተ መግለጽ ለአንባብያን የሚጠቅም ነው።

የነገሩ መነሻ ጥርጣሬ ነው። የአንድ ጭነት የመግዣ ዋጋ ከቢሮ ወጥቶ በጎረቤት ሱቅ ስለ ተሰማ፣ ባለቤቱ ፎልደሩን ከሠራተኞቻቸው ዓይን ለመሰወር አሰቡ። ምሽት ላይ ብቻቸውን ቀርተው የፈቃዱን ሰሌዳ ከፈቱና፣ «ዩዘርስ» ከሚለው ስም አንጻር «ዲናይ» በሚለው ላይ፣ ማለት በክልከላው ላይ፣ ምልክት አደረጉ። ማሽኑም ክልከላ ከፈቃድ የሚቀድም መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አወጣላቸው፤ እሳቸው ግን ሳያነቡት «የስ» ብለው አለፉት። በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹም እሳቸውም እኩል ከደጅ ቀሩ።

ስሕተቱ ከአንዲት ቃል ትርጉም የመጣ ነው። ባለቤቱ «ዩዘርስ» የሚለውን «ሠራተኞች» ብለው ተረድተውት ነበር። በዊንዶውስ አቆጣጠር ግን በዚያ ማሽን ላይ በስሙና በምሥጢር ቃሉ የሚገባ ሁሉ ዩዘር ነው፤ የማሽኑ አስተዳዳሪ እንኳ ከዚህ ቁጥር አይወጣም። በአንድ ፎልደር ላይ በቀጥታ ከተጻፉት መስመሮች አንዱ የሚፈቅድ፣ ሌላው የሚከለክል ሲሆን ደግሞ የሚጸናው ክልከላው ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪ በመሆናቸው የነበራቸውን ሙሉ ፈቃድ፣ ዩዘር በመሆናቸው የደረሰባቸው ክልከላ ሻረው።

ባለቤቱ ይህን ባለማወቃቸው በተንኮል የተሠራ ነገር መሰላቸው። ዋጋውን አውጥቷል ተብሎ ይጠረጠር የነበረውን ወጣት የሽያጭ ሠራተኛም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከቤት እንዲቆይ አዘዙት። የተጠራው የጥገና ባለሙያ በበኩሉ ቫይረስ ነው ብሎ ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ መከረ። ይህ ምክር ቢፈጸም ኖሮ የስምንቱ ዓመት ሒሳብ በአንድ ሰዓት በጠፋ ነበር። ከዚህ ያዳናቸው የሒሳብ ሹሟ ቃል ነው፦ «ጋሼ፣ ፋይሎቹ ተዘጉ እንጂ መች ጠፉ? ለምን ይደመሰሳሉ?»

እውነትም ፋይሎቹ አልጠፉም። ማይክሮሶፍት በ1985 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993) ዊንዶውስ ኤንቲ የተባለውን ሲያወጣ፣ ከእርሱ ጋራ በመጣው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አያያዝ፣ እያንዳንዱ ፎልደርና ፋይል ማን እንደሚያነበው፣ ማን እንደሚጽፍበትና ማን እንደሚሰርዘው የሚገልጽ ዝርዝር ይዞ ይኖራል። ከዝርዝሩ በላይ ደግሞ የባለቤትነት መስመር አለ። በዚህ መስመር የተመዘገበ ሰው ማንበብ ቢከለከል እንኳ የፈቃዱን ዝርዝር የመለወጥ መብቱ አይወሰድበትም። ነገር ግን ማሽኑ ባለቤት የሚለው ኮምፒዩተሩን የገዛውን ሰው ሳይሆን እንደ ልማዱ ፎልደሩን በመጀመሪያ የፈጠረውን ነው። ያን ፎልደር የፈጠረው ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ጸሐፊ ነበር! የቤቱን ኪራይና የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍሉት ነጋዴ በማሽኑ መዝገብ ባዳ ሆነው ተገኙ።

ደግነቱ ለማሽኑ አስተዳዳሪ ባለቤትነትን ወደ ራሱ የማዞር ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ለዚህም ከቀድሞው ባለቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። የሒሳብ ሹሟ ባለቤቱ በአስተዳዳሪነት በገቡበት ማሽን ላይ ሥራውን እንዲህ ፈጸመችው። ፎልደሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭና «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ» የሚሉትን ከፈተች። «ኦነር» በሚለው መስመር የማንም ስም አይታይም ነበር፤ ባለቤቱን ማሳየት እንደማይቻል ብቻ ተጽፏል። በአጠገቡ ያለውን «ቼንጅ» ተጭና የነጋዴውን የመግቢያ ስም አስገባች፤ ባለቤትነቱ በውስጥ ላሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ሁሉ እንዲተላለፍ የሚያደርገውንም ሣጥን ምልክት አደረገችበት። ይህ ሣጥን ከተረሳ የውጭው በር ተከፍቶ የውስጡ ክፍሎች ተዘግተው ይቀራሉ። ማሽኑ በዚህ ጊዜ የቀድሞውን የፈቃድ ዝርዝር በአዲስ ሙሉ ፈቃድ ልተካውን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይሁን ከተባለ የሌሎቹ ሠራተኞች ፈቃድ አብሮ ስለሚነሣ፣ እነማን እንደገና መግባት እንደሚገባቸው አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ያሻል። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ዘግታ እንደገና ከፈተችና የክልከላው መስመር አለመቅረቱን አረጋገጠች።

ይህ መድኃኒት ለንግድ ቤቱ ፎልደር እንጂ ዊንዶውስ ራሱ ለተቀመጠበት ፎልደር ወይም ለዲስኩ በሙሉ አይደለም፤ በዚያ የሞከረ ሰው ማሽኑን ራሱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ፋይሎቹ በምሥጢር ጽሕፈት የተቆለፉ እንደ ሆነም ባለቤትነትን ማዞር አይፈታቸውም፤ ቁልፉ ያስፈልጋል። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ተለውጦ፣ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ አብሮ ከታየ ደግሞ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን ዝርፊያ ነው። ከተበላሸ ኮምፒዩተር የወጣ ዲስክ በሌላ ማሽን ላይ አልከፈት ሲል ግን ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከዚህ በላይ የተገለጸው ነው። ማሽን ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በረጅም ቁጥር በመሆኑ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ያው ስም ቢሰጠውም ሌላ ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል።

ኢንቮይሱና የማሸጊያው ዝርዝር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለትራንዚተሩ ተላኩ። ከዚያም የሒሳብ ሹሟ ፎልደሩን በውጭ ዲስክ ገለበጠችው። ምሥጢሩንም ያለ ክልከላ ጠበቀችው፤ ስሙ በዝርዝሩ የሌለ ሰው መግባት ስለማይችል፣ «ዩዘርስ» የሚለውን ከዝርዝሩ አውጥታ የባለቤቱንና የራሷን ስም ብቻ አስቀረች። ዋጋውን ማን እንዳወጣው እስካሁን አልታወቀም። ወጣቱ የሽያጭ ሠራተኛ ግን በማግስቱ ተጠርቶ ባለቤቱ ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁት፤ ከሞጆ የመጣውንም ዕቃ ቈጥሮ የተረከበው እሱ ነው።