የቆመ ፔዳል ስቲል ጊታር ማስነሳት፦ ተረትና እውነታ

ዶን ዊሊያምስን ወይም ዶሊ ፓርተንን ሲሰማ ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ መሣሪያውን ግን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ከዘፋኙ ኋላ እየተለጠጠ፣ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ የሚንሸራተተው ድምፅ የፔዳል ስቲል ጊታር ነው። መሣሪያው በአራት እግሩ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። በግራ እጁ ለስላሳ ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ክሮቹን ይመታል፣ በግራ እግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቶቹ ሌቫ ይገፋል፣ በቀኝ እግሩ ደግሞ የድምፁን መጠን ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ከላይ ሲያዩት ጊታር ነው፤ ገልብጠው ከሥር ሲያዩት ግን ዘንግ፣ ሞላ፣ ፔርኖና ቪቴ የሞላበት ማሽን ነው። ስለዚህ 30 እና 40 ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሲከርም የሚታመመው እንደ ማሽን ነው፤ ሊጠግኑት የሚነሱ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ እንደ አሮጌ የቤት ዕቃ ያዩታል። ይህ መሣሪያ ባደገባት በናሽቪል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ እንዲህ ያለ ከባድ ሣጥን የሚያጋጥመው ሰው ከመግዛቱም ሆነ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት የሚከተሉትን ቢለይ ይጠቅመዋል። ሲጠቃለል ነገሩ ይህ ነው፦ ዕድሜ ካበላሸው ይልቅ ችኩል ጥገና ያበላሸው ይበዛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት 1፦ የናሽቪል ካውቦዮች ፈጠራ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

እውነታ፦ ክር ላይ ብረት አንሸራትቶ መጫወት የመጣው ከሃዋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘዴውን በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው ጆሴፍ ኬኩኩ የኦዋሁ ደሴት ልጅ ነበር። ፔዳሉ የመጣው ኋላ ነው፤ ጊብሰን ኤሌክትራሃርፕ የተባለውን ባለ ፔዳል መሣሪያ በ1940 አካባቢ ለገበያ አቀረበ፣ ፖል ቢግስቢም በ1940ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ በትእዛዝ ይሠራ ነበር። ባድ አይዛክስ በዘፋኙ ዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ዘፈን ላይ ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረግጦ ድምፁን ሲያጣምመው የተሰማው በ1954 ነው። ያን ጊዜ የሰሙ ተጫዋቾች ሁሉ ያንኑ ለማድረግ ተሯሯጡ።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያው በካውንትሪ ብቻ አልተወሰነም። ሃውስ ኦፍ ጎድ በተባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ጴንጤቆስጤያዊ አብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ መሪ መሣሪያ ሆኗል፤ ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶታል።

ለጠጋኝ የሚጠቅመው ግን የፋብሪካው ልዩነት ነው። ፌንደር በ1957 ያወጣቸው 400 እና 1000 የተባሉት ሞዴሎች ፔዳሉን ከክሩ የሚያገናኙት በካቦ ነው። ሻት ጃክሰንና ባዲ ኤመንስ በ1950ዎቹ የመሠረቱት ሾ-ባድ ዘንግ ይጠቀማል። ኤመንስ ወጥቶ በ1963 በራሱ ስም ያቋቋመው ኩባንያ ደግሞ «ፑሽ-ፑል» በሚባለው፣ መግፋትንና መሳብን በሚያጣምር አሠራር ታወቀ። የአንዱን መመሪያ ይዞ ሌላውን መንካት ጥገናውን ከጅምሩ ያበላሻል። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ አንድም ቪቴ አይላላም።

ተረት 2፦ ፔዳሉ ሲለቀቅ ድምፁ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሞላው ደክሟል።

እውነታ፦ በብዛት የሚሰማውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ነው። ለመረዳት አንዱን ፔዳል መከተል ይበቃል።

በተለመደው የኢ 9 ቅኝት የመጀመሪያው ፔዳል አምስተኛውንና አሥረኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ያነሳል። እግር ሲጫነው አንድ ቋሚ ዘንግ ይወርዳል፤ ይህ ከገላው ሥር ያለውን አግዳሚ ዘንግ ያዞራል፤ አግዳሚው ላይ የተቆለፈው፣ ቤል ክራንክ የሚባለው ክንድ ሌላ ቀጭን ዘንግ ይስባል። ቀጭኑ ዘንግ «ቼንጀር» የሚባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ በአንድ ፔርኖ ላይ የተደረደሩትን የአሉሚኒየም «ጣቶች» ያንቀሳቅሳል። ክሩ የታሰረው በጣቱ ላይ ነውና ጣቱ ሲዞር ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁም ይነሳል።

እግሩ ሲነሳ ጣቱን የሚመልሰው ማን ነው? የተነሳውን ድምፅ የሚመልሰው በዋናነት የክሩ የራሱ ውጥረት ነው፤ ሞላው በዋናነት የሚሠራው ድምፅን ዝቅ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ለመመለስ ነው። ስለዚህ አምስተኛው ክር ሲ ሻርፕ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሞላ መቀየር ውኃ ቢወቅጡት ነው። ጣቱን ወይም ክሩን የያዘ ነገር አለ ማለት ነው።

ያዡ ሁለት ቦታ ይፈለጋል። አንዱ ቼንጀሩ ነው፤ ከ40 ዓመት በፊት የተጨመረው ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ቡናማ ማር መሰል ነገር ሆኖ ጣቶቹን አጣብቋል። ሌላው ከመቃኛዎቹ አጠገብ ያሉት ሮለሮች ናቸው፤ ክሩ ሲወጠርና ሲላላ አብረው መዞር ሲገባቸው ቆሽሸው ቆመዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ፔዳሉን ረግጠው ከለቀቁ በኋላ በሮለሩና በመቃኛው መካከል ያለውን አጭር የክር ቁራጭ በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁት። ድምፁ ከቅድሙ ከተለየ ክሩን የያዘው ሮለሩ ነው። ካልተለየ ወደ ቼንጀሩ ይሂዱ።

ተረት 3፦ ደብልዩ ዲ 40 ነፍቶ ማንቀሳቀስ በቂ ነው።

እውነታ፦ በየጋራዡ የማይታጣው ይህ ቆርቆሮ በ1953 ሳንዲዬጎ ውስጥ የተሠራው እርጥበትን ከብረት ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነበር፤ የስሙም መነሻ ውኃ የማባረሩ 40ኛ ሙከራ ነው። ሲነፋ የጠነከረውን ቆሻሻ ያለሰልሳልና ማሽኑ ያን ዕለት ይነቃል። ፈሳሹ ሲተን ግን የለሰለሰው ቆሻሻ ወደ ጠባቡ ክፍተት ይበልጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የቀረው ስስ ቅባትም አቧራ ይሰበስባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል።

ትክክለኛው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ማጠብ፦ ክሮቹን አውልቆ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፎ፣ የላይተር ቤንዚን በቼንጀሩ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እያሳለፉ ጣቶቹን በእጅ ማንቀሳቀስ። የሚወርደው ፈሳሽ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ይደገማል። ሥራው ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል፤ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ሁለተኛ ማቅባት፦ ከደረቀ በኋላ ቀጭን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ለእያንዳንዱ መገናኛ አንድ ጠብታ። ግራሶ ቼንጀር ውስጥ አይገባም።

ተረት 4፦ በደንብ ለመታደስ እስከ መጨረሻዋ ቪቴ መፈታት አለበት።

እውነታ፦ ሦስት ፔዳልና አራት ሌቫ ያለው ባለ አሥር ክር ማሽን ከሥሩ ከ10 በላይ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ባለ ሁለት አንገቱ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። እያንዳንዱ ዘንግ ከየትኛው የቼንጀር ቀዳዳ ወደ የትኛው የቤል ክራንክ ቀዳዳ እንደሚሄድ የሚወስነው የፋብሪካው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት ምርጫም ነው። ቀዳዳው በአንድ ደረጃ ሲለወጥ ፔዳሉ ይከብዳል ወይም የሚረገጥበት ርቀት ይረዝማል። በአንድ ፌስታል ተጨምሮ የመጣ የዘንግ ክምር ከዝገት የባሰ ችግር ነው።

ከመፍታት በፊት ማሽኑ ተገልብጦ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳል፣ ዘንጎቹ አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ይመዘገባሉ። ከዚያ በኋላም የሚፈታው ታጥቦ ያልነቃው ክፍል ብቻ ነው። በአንዳንድ የ1970ዎቹ ማሽኖች ላይ ከዚንክ ቅይጥ የተቀዱ ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ በፒንሳ ሲጠመዘዙ አይጎብጡም፣ ይሰበራሉ።

ተረት 5፦ ቀለሙ ተፍቆ አዲስ ቫርኒሽ ሲቀባ ዋጋው ይጨምራል።

እውነታ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። የድሮ ሾ-ባድ ገላ ከሜፕል እንጨት ተሠርቶ ላከር የተቀባ ነው፤ ላከሩ በዕድሜ የሚያወጣቸውን ቀጫጭን ስንጥቆች ገዢዎች የእውነተኛነቱ ምልክት አድርገው ያዩአቸዋል። በቲነር ወይም በብርጭቆ ወረቀት የተነሳ ላከር አይመለስም። ብዙዎቹ የኤመንስ ማሽኖች ደግሞ በፎርማይካ የተሸፈኑ ናቸው፤ እነሱ የሚፈልጉት እርጥብ ጨርቅና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ተረት 6፦ ድምፁ የደከመው የፒክአፑ ማግኔት ስላረጀ ነው።

እውነታ፦ የክሮቹን ድምፅ በሚያነሱት በእነዚህ ፒክአፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የአልኒኮ ማግኔት በዓመታት ብዛት ብቻ የሚያጣው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። የሚበጠሰው ከፀጉር የማይወፍረው የመዳብ ሽቦ ነው፤ እርጥበት ይበላዋል፣ በተለይም በስታኞ የተያያዘበት ጫፍ። ቴስተር ወዲያው ይናገራል፦ ባለ አንድ ጥቅል የፔዳል ስቲል ፒክአፕ በብዛት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፣ እንደገና መጠቅለል ይኖርበታል። ንባቡ ጤናማ ሆኖ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ወይም በድምፅ መጠን ፔዳሉ ውስጥ ያለው ፖቴንሺዮሜትር ነው፤ ሁለቱም በርካሽ ይለወጣሉ።

ተረት 7፦ የቱነሩ መርፌ መሐል ካልቆመ ማሽኑ ተበላሽቷል።

እውነታ፦ ቱነሩ የሚለካው ሴሚቶኖቹ ሁሉ እኩል በተከፈሉበት የፒያኖ ልክ ነው። የስቲል ተጫዋች ግን ክሮቹ አብረው ሲጮኹ እንዳይርገበገቡ በጆሮው ይቃኛል። ሦስተኛና ስድስተኛ ክሮች፣ ማለትም ጂ ሻርፖቹ፣ ከፒያኖው ልክ እስከ 14 ሴንት ዝቅ ብለው ሊቃኙ ይችላሉ፤ አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት ነው። ቅኝቱን ከዘፋኙ ጋር በጆሮው የሚያስማማ ክራር ተጫዋች ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ሁለት ፔዳሎች አንድ ላይ ሲረገጡ ገላው በተጨመረው ውጥረት በጥቂቱ ይተጣጠፋልና ያልተነኩት ክሮች ጥቂት ሴንት ይወርዳሉ። ይህ ከጥቂት ሴንት ካላለፈ ጠባይ እንጂ ሕመም አይደለም፤ በጣም ከበዛ የተሰነጠቀ እንጨት ወይም የላላ ቪቴ ይፈለጋል።

ተረት 8፦ ሦስተኛው ክር ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰ ማሽኑ አይረባም።

እውነታ፦ ሦስተኛው ክር በአዲስ ማሽንም ላይ ቀድሞ የሚበጠስ ነው። ውፍረቱ 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በከፍተኛ ውጥረት ይቃኛል፤ ሁለተኛው ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ደግሞ በጣቱ አናት ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይታጠፋል፣ ሽቦ እጥፍ ዘርጋ ሲደረግ እንደሚሰበረው። ከልክ በላይ የሚበጠስ ከሆነ የጣቱ አናት በክሩ ተቆፍሮ እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ቀላል ጭረት በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ተረት 9፦ በካቦ የሚሠራው ፌንደር መጫወቻ ነው፤ ድካም አያወጣም።

እውነታ፦ ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ የተባለው ባንድ ተጫዋች ስኒኪ ፒት ክላይናው ስሙን ያተረፈው በፌንደር 400 ነው። ስምንት ክር ብቻ ነው ያለው፤ ዛሬ በተለመደው ባለ አሥር ክር ዘዴ መማር ለሚፈልግ አይመችም። ለጥገና ግን ከሌሎቹ ይቀላል፦ ካቦው ተበጥሶ ከሆነ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የብረት ካቦ ተቆርጦ ይተካል።

ታዲያ እውነተኛው አደጋ የቱ ነው?

የሚያሳስቡት ጥቂት ናቸው። ገላው በሁለቱ ጫፎች፣ የክሩ ጉልበት በሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ ተሰንጥቆ ከሆነ፤ የቼንጀሩ ፔርኖ ጎብጦ ወይም የጣቶቹ ቀዳዳ ተበልቶ ጣቶቹ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ከሆነ፤ ከሥር ያለው ዕቃ ጎድሎ ከሆነ። ፔርኖና ቤል ክራንክ ጥሩ ቶርኖ ቤት ናሙና አይቶ ሊሠራቸው ይችላል፤ የተሰነጠቀ ገላ ግን የእንጨት ባለሙያ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሲገዛ ሊሰላ ይገባል።

ከዚህ ውጭ ያለው በቅደም ተከተል ይሄዳል፦ መለየት፣ ፎቶ፣ ማጠብ፣ ዘይት፣ አዲስ ክር፣ ከዚያ መቃኘት። ቅኝቱ መጨረሻ የሚመጣው ሆን ተብሎ ነው፤ በቆሸሸ ማሽንና በዛገ ክር ላይ የዘንጎቹን ማስተካከያ የሚያዞር ሰው ጥፋቱን ሳያገኝ ልኩን ያጠፋል። ከአዲሱ ክር በኋላም የመጀመሪያው ፔዳል ተረግጦ ሲለቀቅ አምስተኛው ክር በእያንዳንዱ ጊዜ ቢ ላይ ካረፈ፣ ለሞላ፣ ለማግኔትና ለቫርኒሽ ሊወጣ ይችል የነበረው ገንዘብ ለመጀመሪያው መምህር ክፍያ ይውላል።