የአያት ሣጥን

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል የኳስ ጨዋታ አለ። አንዱ ተጫዋች ኳሱን ይወረውራል፤ ሌላው በእንጨት ዱላ ይመታዋል፥ ከመታም በኋላ ይሮጣል። የአገሩ ሰዎች ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዳሉ። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የከረሜላና የሲጋራ ነጋዴዎች ገበያቸው እንዲደራ የዝነኞቹን ተጫዋቾች መልክ በትንንሽ ወረቀት ላይ እያተሙ ከሸቀጣቸው ጋራ ይሰጡ ነበር። ይህም ወረቀት የቤዝቦል ካርድ ይባላል።

ልጆች በካርዱ ይጫወቱበት ነበርና ብዙው ተቀደደ፥ ተጣለም። የቀረው ጥቂት ስለሆነ ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይገዙታል። ማዕዘኑ ያልታጠፈና ቀለሙ ያልደበዘዘ ሲሆን ዋጋው እጅግ ይበልጣል።

በኦሃዮ ግዛት ዲፋያንስ በምትባል ከተማ ሥጋ ቤት የነበረው አንድ ሰው ይኖር ነበር። ቤተ ዘመዱ እንደሚያስበው፥ በ1910 ዓ.ም. ገደማ በፈረንጆች አቈጣጠር ካርዶች ለደንበኞቹ ልጆች ይሰጥ ነበር። የተረፉትንም በሲባጎ አስሮ በካርቶን ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። እርሱ በ1940ዎቹ ዓመታት ሞተ፤ ሣጥኑም ከጣራው ሥር ባለው የዕቃ ክፍል ተረስቶ ቀረ። በ2011 ሴት ልጁ ስትሞት ሀብቷን ሁሉ ለ20 የወንድሞቿና የእህቶቿ ልጆች ተናዘዘች።

በ2012 ከወራሾቹ አንዳንዶቹ ቤቱን ሲያጸዱ ሣጥኑን አገኙ። ዋጋውን ስላላወቁ ወደ ጎን አኑረው ሥራቸውን ቀጠሉ። በኋላ ግን ለዐዋቂዎች ቢያሳዩ፥ 700 ያህል የሚሆኑት ካርዶች ታላቅ ሀብት መሆናቸው ታወቀ። ታይ ኮብ፥ ሳይ ያንግና ሆነስ ዋግነር የሚባሉት የታወቁ ተጫዋቾች ሥዕል በውስጡ ነበረ። ካርዶቹ ብርሃንም እጅም ሳይነካቸው ስለ ኖሩ ትናንት የታተሙ ይመስሉ ነበር።

ያን ጊዜ ያገኙት ሰዎች፥ «ሣጥኑን ያገኘነው እኛ ነን፤ ለእኛ ብቻ ይገባል» ለማለት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን እንዲህ አላሉም። ኑዛዜው ለሁሉ ነውና ካርዱንም ገንዘቡንም ሃያው ወራሾች እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባልቲሞር በምትባል ከተማ በሐራጅ የተሸጡት 37 ካርዶች ብቻ ከ500,000 ዶላር በላይ አወጡ።

በውርስ ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ሲጣላ፥ በዳኛ ፊት ሲካሰስም ብዙ ጊዜ ይታያል። ያ ሣጥን መቶ ዓመት ያህል ሳይበላሽ ኖረ፤ የዘመዶቹ ፍቅር ግን በአንድ ቀን ስስት ሊፈርስ ይችል ነበር። አያቱ ወረቀቱን በሲባጎ አስሮ ጠበቀ፤ የልጅ ልጆቹም በቅን ክፍያ ዝምድናቸውን ጠበቁ። ከሁለቱ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ነው።