የቆዩ ፒክአፕ ተሽከርካሪዎች የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ከዓመታዊ ምርመራ በፊት ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በኡራኤልና በቦሌ መድኃኔዓለም መካከል በሚገኘው አትላስ አካባቢ፣ በክረምት ምሽት፣ ተሽከርካሪዎች በዝናብ ውስጥ ተሰልፈው ዝግ ብለው ሲጓዙ የቆየ ፒክአፕ ያለው አሽከርካሪ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ፣ የዝናብ መጥረጊያውም እየዘገየ መምጣቱን ያስተውላል። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አይነሣም። አብዛኛው ባለንብረት በዚህ ጊዜ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ሲተኛ ችግሩ ከባትሪው እንዳልነበረ ይታወቃል፤ ወጪው ግን አስቀድሞ ወጥቷል።

ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። የማይሠራ የፍሬን መብራት ወይም ፍሬቻ ለምርመራ ሲቀርቡ ብቻ የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ የፊተኛው መቆሙን የሚያውቀው በዚሁ መብራት ነው።

ፍተሻ የሚጀመረው ከባትሪው ሲሆን፣ ከሙያተኞች እጅ የማይጠፋው የቮልት መለኪያ ይበቃል። ተሽከርካሪው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል የሚችል ነው። ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ንባቡ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ ኃይል እየሳበ ነው። ባትሪው በሚፈታበት ጊዜ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፣ ሲታሰርም መጨረሻ ይታሰራል። ይህ ቅደም ተከተል የተቀመጠው ፖዘቲቩን የያዘው መፍቻ የተሽከርካሪውን አካል ቢነካ ከባድ ብልጭታ ስለሚፈጠር ነው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ የዲናሞው ተቆጣጣሪ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። የአትላሱ ሰልፍ ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ዲናሞ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ዙር ስለሆነ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ በተለይ ቺንጋው የላላ ከሆነ፣ የሚያመነጨው ኃይል ከመብራቱ፣ ከመጥረጊያውና ከመስታወት ማሞቂያው ፍጆታ ሊያንስ ይችላል። ጉድለቱን ባትሪው ይከፍላል። በየዕለቱ አጫጭር መንገድ ብቻ የሚጓዝ ፒክአፕ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ባትሪው የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ፈትቶ የማየት የቆየ ልማድ ግን መቅረት አለበት፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል።

በቆዩ ፒክአፖች ላይ በብዛት የሚታየውና በብዛት የሚታለፈው ችግር ግን የኔጌቲቭ ግንኙነት ነው። የኤሌክትሪክ ጉዞ በተሽከርካሪው አካልና በሻንሲው በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የጭነት ሣጥኑ በጭቃና በውሃ ሲመታ ይኖራል፤ የኋላ መብራቶች ገመድ ከአካሉ ጋር የታሰረበት ብሎን ይዝጋል። በዚህ ጊዜ የሚታዩት ምልክቶች ግራ ያጋባሉ፦ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይደበዝዛል ወይም አብሮ ፍንጥቅ ይላል፣ የኋላ መብራት ሲበራ የፍሬን መብራቱ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ትክክለኛ መመለሻ ስላጣ በሌላ አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። አምፖል መቀያየር እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። መብራቶቹ በርተው የመለኪያው አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በኋላ መብራቱ ኔጌቲቭ ገመድ ላይ ሲደረግ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ግንኙነቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ብሎኑን ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ ሙሉ መፍትሔ ይሆናል።

ፊውዝን በሚመለከት ማስጠንቀቂያው ጥብቅ ነው። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ሲቃጠል በ30 አምፔር ወይም በሽቦ መተካት ገመዱን ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል። የገመዱ ልባስ ቀልጦ እሳት የሚነሣውም ከዚህ ነው። በተመሳሳይ መልኩ ሁለት ባለ 60 ዋት የፊት አምፖሎች 10 አምፔር ገደማ ሲስቡ፣ በባለ 100 ዋት ቢተኩ ፍጆታው ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። ያለ ተጨማሪ ሪሌና ወፍራም ገመድ ይህን ጭነት ለአሮጌ ማብሪያ መስጠት አይገባም።

ቆሞ ባደረ ተሽከርካሪ ላይ ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ የተደበቀ ፍጆታ አለ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ በኔጌቲቭ ገመዱ መካከል በሚገባ የአምፔር መለኪያ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከታየ፣ ንባቡ እስኪወርድ ፊውዞችን አንድ በአንድ ማውጣት ጥፋተኛውን መስመር ያሳያል። በዚህ ፍተሻ ጊዜ ሞተር ማስነሣት መለኪያውን ያቃጥላል። ግማሽ አምፔር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ባሉት 60 ሰዓታት ከ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ 30 ያህሉን ይወስዳል። ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም የስርቆት መከላከያ ነው።

በናፍጣ የሚሠሩት ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በአዲስ አበባ ብርዳማ ጠዋት ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ፣ የማሞቂያ ካንዴሎቹና በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የነዳጅ መዝጊያ ይፈተሹ። ለመዝጊያው ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ነዳጅ አያልፍም።

ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥ የሚወስድ ባለንብረት ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የተለካውን የቮልት ንባብ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት አለው። ንባቡን በወረቀት ማስፈር፣ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ መረከብ ይመከራል። ለዓመታዊ ምርመራ በሚቀርብበት ዕለት ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቶችን፣ አራቱን ፍሬቻዎች፣ የኋላ ማርሽ መብራትንና የሰሌዳ መብራትን ቢያይለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።